የሰፈር ኅብረ ዜማ እንዴት ይጀመራል? ከአንዲት የድሬዳዋ ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ፣ ባለ አንድ በር ሱቄ ከስፌት መኪናዬ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ቆይቻለሁ። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ የማውቀውን ዜማ በልጅነቴ ከሰንበት ትምህርት ቤት፣ ቀሪውን ከሠርግ ቤትና ከጎረቤት የለቃቀምኩት ነው። ሆኖም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ከሰዓት ሃያ ስድስት ያህል የሰፈር ሰው ሰብስቤ ኅብረ ዜማ አስጠናለሁ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ሁሉ «እትዬ፣ እኛም ሰፈር ብንጀምርስ?» ይለኛል። መርፌ በአፌ ይዤ ለስንቱ ላስረዳ? ይኸው ጻፍኩት።

ስሙ ላይ ጊዜ አታጥፉ። «ኳየር» ስንል ሙስሊም እናቶች «የጴንጤዎች ነው» አሉ። «መዘምራን» ስንል ባሰ። «ባንድ» ያልን ጊዜ ደግሞ ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ከለከሉ። አሁን ሁሉም «ቅዳሜ» ነው የሚለን። «ቅዳሜዎች ለሠርጌ ይመጡልኛል?» ይላል ሰው። እናንተም ካልተስማማችሁ ተዉት፣ ሰፈሩ ራሱ ያወጣላችኋል።

ሰው ከየት ይገኛል

ማስታወቂያ አትለጥፉ። ለጥፌ አይቻለሁ። የሚመጣው ዘፋኝ ልሁን የሚል ነው፤ እሱ ደግሞ ሦስተኛው ሳምንት ላይ «መቼ ነው ብቻዬን የምዘፍነው?» ይላል። እናንተ የምትፈልጉት ተቀባይ ነው። ሠርግ ቤት ስትሄዱ ዘፈን የምታወርደውን ልጅ ተዉአትና ከኋላዋ የሚያጨበጭቡትን እዩ። ከነሱ መሀል አንዷ አለች፤ አውራጇ ግጥም ሲጠፋት፣ ከበሮ መቺው ሲፈጥን፣ ዜማውን ሳትለቅ ይዛ የምትቆይ። እሷን ጠይቁ። እድር ቤት ሽንኩርት እየላጡ የሚያንጎራጉሩትንም ጆሮ ስጧቸው።

የመጀመሪያውን ባስ፣ ወፍራም የወንድ ድምፅ ያለውን ሰው፣ ያገኘሁት ሱቄ ቁጭ ብዬ ነው። በየጠዋቱ «ቆራሌው!» እያለ የሚያልፍ ሰው ነበር፤ መጨረሻ ላይ «ሌው» የምትለዋን መሬት ድረስ ያወርዳታል። አንድ ቀን የተቃጠለ ካውያ ሸጥኩለትና «ቅዳሜ ና» አልኩት። «የሚሸከም ምን አለ?» አለኝ። ከመናኸሪያ «ሐረር! ሐረር! አንድ ሰው!» እያለ የሚጣራ ረዳትም አለን። እሱ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ስለሚውል ጥናት ሲመጣ የመጀመሪያውን ሃያ ደቂቃ አፉን ዘግቶ ብቻ ነው የሚያንጎራጉረው፤ የደከመ ጉሮሮ ላይ ዘፈን መጫን ያረጀ ጨርቅ ላይ ድርብ ስፌት እንደመምታት ነው፣ ይተረተራል።

ኅብረ ዜማ ከውጭ የመጣ ነገር የሚመስላችሁ ካላችሁ ሐረር ሂዱ። ጁገል ውስጥ ሠርግ የተጠራ ያውቀዋል፦ ሴቶቹ ከረቡ የሚባለውን ከበሮ እየመቱ፣ ከበል የሚባለውን እንጨት እርስ በርስ እያጋጩ ሲዘፍኑ የአውራጇ ድምፅ ሳያልቅ የተቀባዮቹ ይገባል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚላቸው የለም። አፎቻ የሚባለው ማኅበራቸው በሠርግም በለቅሶም ለዓመታት አብሮ ስላቆማቸው ትንፋሻቸው ተዋውቋል። እናንተ ሰፈርም እድር ካለ፣ ማኅበር ካለ፣ ግማሹ ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። የቀረው እርስ በርስ እንዲሰማሙ ማድረግ ነው፤ ሰው ማዜም ያውቃል፣ እያዜመ መስማት ነው የሚከብደው።

ሰዓትና ቦታ

ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በድምፅ ማነስ ሳይሆን በሰዓት ነው። የኛ ከተማ ከምሳ እስከ ዘጠኝ በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ ሙቀቱ ያስገድዳል። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ከአሱር ሶላት በኋላ አሥር ሰዓት ከሩብ እንጀምራለን፣ መግሪብ ሳይገባ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እንበተናለን። ተኩል ማለት ተኩል ነው፤ ዘፈኑ መሀል ላይ ቢሆንም አቆማለሁ። ሰው በሰዓቱ የሚመጣው በሰዓቱ እንደሚለቀቅ ሲያውቅ ነው።

«የበርጫ ሰዓታችን ነው» ያሉ ወንዶች ነበሩ። አልተጣላሁም። ጫት አፍ ያደርቃል፣ በደረቀ አፍ ከፍ ያለ ድምፅ አይያዝም። ጀሪካን ውኃና ኩባያ ማቅረብ ብቻ ጀመርኩ። ሁለቱ ራሳቸው ድምፃቸው ሲሰነጠቅ ሰምተው በርጫውን ከጥናት በኋላ አደረጉት፤ አንዱ እስከዛሬ ጉንጩን ወጥሮ ይመጣል፣ ምን ላድርገው አቦ፣ ባስ ነው።

ጾምን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። በ2016 ዓ.ም. ዓቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 በአንድ ቀን ገቡ። ኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከበሮና ጸናጽል ዝም በሚልበት ጊዜ የሠርግ ዘፈን አይሉም፤ ሙስሊሞቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት ጉሮሯቸው ደርቋል። እንበተን ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። ያደረግነው፣ ሳምንት አርባ ደቂቃ ብቻ እየተገናኘን ግጥም ማንበብና በእግር ምት መርገጥ ነው፤ ዜማ የለም፣ ከበሮ የለም። ከፋሲካ በኋላ ስንጀምር ከበሮው ሳይፈጥን የመጀመሪያችን ነበር። እስከዚያ ድረስ ምት የሚጠብቅልን ከበሮው ይመስለን ነበር፤ ለካ እግራችን ነው።

ቦታን በተመለከተ፣ የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ አትመኙ። ድምፁ እየተመለሰ ሁሉንም ጎበዝ ያስመስለዋል፤ ስህተት ይሸፍናል። እኛ ግቢ ውስጥ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ሥር ነው የምናጠናው፤ ሌላው አገር በከተማችን ስም የሚጠራው፣ በግንቦት ሙቀት ቀይ የሚያብበው ዛፍ። ውጭ ድምፅ ይበተናል፤ ስለዚህ ግድግዳውን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ በግማሽ ክብ ቁሙ፣ ሁሉም የሁሉንም ፊት ይይ።

ድምፅ መለካት

«ሶፕራኖ ነሽ አልቶ?»፣ ማለት ድምፅሽ ከፍ ያለው የሴት ነው ወይስ ዝቅ ያለው፣ ብላችሁ አትጠይቁ። ሴቱ ሁሉ ሶፕራኖ፣ ጎረምሳው ሁሉ ባስ ነው የሚላችሁ። ደንበኛዬን ወገብህ ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው ከአምስት ዓመት በፊት የነበረውን ይነግረኛል፤ ሜትር አንገቴ ላይ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው።

አንድ በአንድ፣ ሌላው በማይሰማበት ጥሯቸው። በመጀመሪያ አታዘፍኑ፣ አስወሩ። «ትናንት ማታ ምን በላሽ?» በሉ። ሰው ሲያወራ ድምፁ የሚያርፍበት ቦታ አለ፣ ከዚያ በታች ብዙ አይወርድም። ያን ቦታ በኪቦርድ ወይም በስልክ መቃኛ ፈልጉት። ከዚያ ሁሉም የሚያውቃትን አጭር ዜማ ከዚያው አስጀምሩና ግማሽ ድምፅ፣ ግማሽ ድምፅ (ኪቦርዱ ላይ ካንድ ቁልፍ ወደሚቀጥለው) እየጨመራችሁ ውጡ። በዚህ ጊዜ ጆሯችሁን ብቻ አትመኑ፣ አንገት እዩ። ጅማቱ ሲገተር፣ አገጭ ሽቅብ ሲነሳ፣ ቅንድብ ሲሰቀል ቁሙ፤ ጫፏ እዚያ ነው። ከጫፏ ሁለት ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ስፉላት። ቀሚስ ገላ ላይ ተጣብቆ አይሰፋም፣ መተንፈሻ ይተውለታል።

ሁሉም አንድ ዜማ የሚያዜም ከሆነ ደግሞ፣ ያልሠለጠነ ድምፅ ላለው ቡድን፣ ሴቶቹ ኪቦርዱ መሀል ካለው ዶ በታች ካለው ላ ተነስተው ከላይኛው ዶ ባያልፉ ደግ ነው፤ ወንዶቹ ያንኑ አንድ ኦክታቭ፣ ማለት ከዶ እስከ ዶ፣ ዝቅ አድርገው። አስጠኚዎች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ለራሳቸው በሚመቻቸው ከፍታ ይጀምሩና አዝማቹ ላይ ሰው ሁሉ ይጮኻል።

እኛ ዘጠኝ ሶፕራኖ፣ ስምንት አልቶ፣ አራት ቴነር፣ አምስት ባስ ነን። ቴነር፣ ከፍ ያለው የወንድ ድምፅ፣ እንደ ጥሩ ክር ነው፣ አይገኝም። ከአራቱ አንዷ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡ እናት ናቸው። ድምፃቸው ልክ ቴነር ነው፤ «እኔ ግን ከወንድ ጋር አልቆምም» አሉ። እንግዲያው ዳር ላይ፣ ከመጨረሻዋ አልቶ ጎን አቆምኳቸው። ቆመው ያሉት ከሴት ጋር ነው፣ የሚያዜሙት ቴነር ነው። ቴነር መሆናቸውን እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ አምስት ያለ፣ ድምፁ መጎርነን የጀመረ ልጅ ሲመጣ «ድምፅህ ሲስተካከል ና» ብላችሁ አትመልሱት፣ አይመለስም። የሚመቹትን አራት አምስት ድምፆች ፈልጉለትና እነሱን ብቻ ያዚም፤ በቀረው ከበሮ ስጡት። «እኔ ድምፅ የለኝም» የሚለውንም አትመኑ። ብዙ ጊዜ እናንተ የሰጣችሁትን ድምፅ መያዝ ያቃተው ነው። እሱ ወደናንተ እንዲመጣ አትጠብቁ፤ የፈለገውን ድምፅ ያውጣ፣ እናንተ ሄዳችሁ ድምፁ ላይ ቁሙበት። ሁለት ድምፅ ሲገጥም ምን እንደሚመስል አንዴ ከሰማ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ አብራችሁት ውጡ። ከባሶቹ አንዱን እንዲህ ስድስት ሳምንት ፈጅቼበታለሁ።

ትንፋሽ

ለማሟሟቂያ የእንግሊዝ አገር ልምምድ አያስፈልጋችሁም። ከንፈር ገጥሞ «ብርርርር» ማለት፣ ልክ ባጃጅ ዳገት ሲወጣ፣ ማርሽ ሲቀይር ዝቅ፣ ሲነዳ ከፍ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ ሳቅ ራሱ ሆድ ይከፍታል። ቀጥሎ ጅብ። ሐረር ግንብ ውጭ ማታ የሰማ ያውቀዋል፤ ከታች ተነስቶ «ኡውውውውፕ» ብሎ ሽቅብ ይስባል። ሴቶቹ ከፍ ያለውን ድምፅ ሳይጨናነቁ የሚያገኙት በዚህ ነው። «ከፍ አድርጊ» ስትሏት ጉሮሮዋን የምትቆልፍ ልጅ «ጅብ ሁኚ» ስትሏት ትደርስበታለች።

ከዚያ «ሽሽሽሽ»። በአራት ቁጥር አየር ማስገባት፣ በስምንት ማውጣት፤ በሳምንቱ በአሥራ ሁለት፣ በወሩ በአሥራ ስድስት። ትከሻ አይነሳም፣ ሆድ ነው የሚነፋው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያኑሩ፣ ቀበቶ የሚጠብቅበት ቦታ ሲሰፋ ይሰማቸው።

ረዥም ድምፅ የምትይዙበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተነፈሰ ዜማው ይቆረጣል። ሕጉ አንድ ነው፦ ጎረቤትህ በተነፈሰበት አትተንፍስ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይዞ ይቆያል፣ የተነፈሰው ቀስ ብሎ ተመልሶ ይገባል፣ አድማጭ ስፌቱን አያየውም። ለዚህ ግን የጎንህን ሰው መስማት አለብህ። የጎረቤትህ ድምፅ ካልተሰማህ እየጮህክ ነው ማለት ነው፤ ይህን በየሳምንቱ እላለሁ፣ ሰልችቷቸዋል፣ እላለሁ።

ስዊድን ያለው የጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አብረው የሚዘምሩ ሰዎች የልብ ምት አብሮ ሲፈጥንና አብሮ ሲዘገይ ለክተዋል። ምክንያቱ ትንፋሽ ነው፤ ዜማው መቼ እንደምትተነፍስ ይወስንልሃል፣ ልብ ደግሞ ትንፋሽን ይከተላል። ይህን ለቅመም ሻጯ እናት ስነግራቸው «ታዲያ ከዚያች ልጅ ጋር ልቤ አንድ ሆነ በዪኛ» አሉኝ፣ በዓይን ኩል ምክንያት ስለተጣሏት የጎረቤት ልጅ። ጥናት ላይ ጎን ለጎን ናቸው።

ምን ይዜማል

የማንንም የአምልኮ ዜማ አትንኩ። ይህ የኔ ፍርድ ነው፣ ሌላው ሊከራከር ይችላል፤ እኔ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። በሁለተኛው ዓመት ከሰንበት ትምህርት ቤት የማውቀውን አንድ ዜማ ግጥሙን ቀይሬ፣ ስለ ውኃ አድርጌ አመጣሁት። ግጥሙ ንጹሕ ነበር፣ ዜማው ግን ባለቤት ነበረው። አራት ሰው ሳይናገር ቀረ፣ አንዲት እናት ሱቄ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ይሄ የሚጸለይበት ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ መንዙማውም፣ ዚክሪውም፣ መዝሙሩም በየቤቱ ይከበራል፤ እኛ የሠርግ፣ የልጆች፣ የሥራና የእንጉርጉሮ ዜማ እናነሳለን። ሰፈሩ ራሱ ካለው አይጎድልባችሁም።

አንድ ወቅት ኪቦርድ የሚጫወት ጎበዝ ልጅ መጣና እያንዳንዱን ዘፈን በአራት ድምፅ ከፋፍሎ፣ እንደ ፈረንጅ መዝሙር ሠራልን። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ስንዘፍነው ዘፈኑ ጠፋ፤ ፋ እና ሲ የሚባሉትን ድምፆች እየጨመረ ትዝታውን ሌላ አደረገው። ያኔ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። የትዝታ ቅኝት፣ ሜጀሩ፣ ዶ ሬ ሚ ሶ ላ ነው፤ ግማሽ ድምፅ የለበትም። ስለዚህ የትኛውም ድምፅ ከየትኛውም ጋር ቢገጥም አይጎረብጥም። እንዲህ አድርጉ፦ ሶፕራኖዎቹ ይጀምሩ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ አልቶዎቹ ያንኑ ዜማ ከመጀመሪያው ይያዙ፣ እንዲያ እየተከታተሉ። አዲስ ኖታ ሳይጻፍ አራት ድምፅ አገኛችሁ። ባሶቹን በዶ ላይ «ኡ» አስብላችሁ ከሥር አስቀምጧቸው፤ ገበር ናቸው፣ ቀሚሱን የሚያቆመው ገበር ነው።

አንቺ ሆዬ ቅኝት ላይ ግን ይህን አትሞክሩ። እዚያ ግማሽ ድምፆች ጎን ለጎን ስላሉ መከታተሉ ይጎረብጣል፤ አውራጅና ተቀባይ ሆናችሁ፣ ሁሉም አንድ ዜማ ይያዝ። አንድ ዜማ በሃያ ስድስት አፍ በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ድምፅ እየተጠላለፈ ሲሄድ መስማት ከፈለጋችሁ በጋሞ ደጋ የሚኖሩ ዶርዜዎች ሲያዜሙ ፈልጋችሁ ስሙ፤ በብዙ ድምፅ ማዜም አገራችን ውስጥ ጥንትም አለ።

ኖታ ማንበብ የሚችል ከሌለ አትፍሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ጆን ከርወን ዶ ሬ ሚን በፊደልና በእጅ ምልክት የማስተማር ዘዴ አስፋፋ፤ የዌልስ የከሰል ድንጋይ ቆፋሪዎች በአራት ድምፅ ማዜም የተማሩት በሱ ነው። እኔም እጄን ወገቤ ላይ ሳደርግ ዶ፣ ደረቴ ላይ ሚ፣ አገጬ ላይ ሶ ነው። ወረቀቱ ላይ ደግሞ፣ የዜማ መምህራን ከፊደሉ በላይ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ሂደት እያሉ ምልክት እንደሚያኖሩት፣ እኔ በልብስ ጠመኔ ልማዴ ወደ ላይ ቀስት፣ ወደ ታች ቀስት፣ ለቁም ሁለት ጭረት አደርጋለሁ። የተማረ አይቶ ይስቃል፤ ሃያ ስድስቱ ግን ያነቡታል።

ቋንቋ

ድሬ ላይ ዘፈን በአንድ ቋንቋ ብቻ ካጠናችሁ ግማሹን ሰው እንግዳ አደረጋችሁት። ዘፋኙ ዓሊ ቢራ በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ከተባለው የከተማችን ቡድን ውስጥ ወጥቶ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማልኛም የዘፈነው በከንቱ አይደለም፤ እዚህ ሰው መንገድ ሲሻገር ቋንቋ ይቀይራል።

ዘዴውን ለቅሶ ቤት ነው ያገኘሁት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደ ጊዜ፣ ድንኳኑ ውስጥ አንዷ በኦሮምኛ ታወርዳለች፣ ቋንቋውን የማያውቁት ሁለት ቃል ብቻ ይዘው ይቀበላሉ። ሁለት ቃል በቃ። እኛም እንዲሁ ነን፦ ስንኙን የቋንቋው ባለቤቶች ያወርዳሉ፣ አዝማቹ ሁለት ሦስት ቃል ሆኖ የሁሉም ነው።

አዝማቿ አጭር ናት ብላችሁ ግን አትናቋት። አማርኛ ተናጋሪዎቻችን የኦሮምኛዋን «ዸ» ለወራት «ደ» ሲሏት ኖረዋል። ያስተካከለችን የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ጋሼ የምንላቸው ባስ፣ የድሮው ምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ፊቷ ጎንበስ አሉ፤ «ምላስዎትን ወደ ላይ ያጥፉት፣ ላንቃዎ ላይ ይለጥፉት፣ አሁን አየር ወደ ውስጥ እየሳቡ ይልቀቁት» አለቻቸው። «ዸዻ ይበሉ፣ ቅቤ።» «ደዳ» አሉ። እንደገና። «ደዳ»። አፋቸውን ከፍታ አየች፣ ሐኪም ትመስላለች። አምስተኛው ላይ «ዸዻ» ወጣች፤ ግቢው ሁሉ እልል አለ፣ ጋሼ በፈረንሳይኛ አመሰገኗት። በዚያው ቀን የሶማልኛውን «ዓኖ»፣ ወተት፣ ከጉሮሮ ማውጣት ተለማመድን፤ ቅቤና ወተት በአንድ ቅዳሜ።

ርዝመትም ተጠንቀቁ። ኦሮምኛ «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ ነው፤ ዜማው አጭሩን ፊደል ከጎተተው ቃሉ ሌላ ይሆናል። አማርኛ ላይ ደግሞ ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ አንብቦ የሚዘፍን ሰው «አለ»ን የትኛው «አለ» እንደሆነ በምን ያውቃል? በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጉለት።

ገንዘብና ልብስ

የዩኒፎርም ስፌት እንጀራዬ ሆኖ ሳለ የምላችሁን ስሙኝ፦ በመጀመሪያው ዓመት ዩኒፎርም አታሰፉ። መዋጮው ሲጠየቅ የሌለው ሰው «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይቀራል፣ እናንተም እውነት ይመስላችኋል። ነጭ ከላይ፣ ያላቸውን ይልበሱ፤ እኔ አሸዋ ገበያ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ቀይ ጨርቅ ገዝቼ ለእያንዳንዱ ስንዝር ስንዝር ሰጠሁ። አንዷ ከነጠላዋ፣ አንዷ ከሒጃቧ፣ ቆራሌው ከኮፍያው ጋር አሰረው።

በወር ሠላሳ ብር እናዋጣለን፣ ለውኃና ከሳቢያን ሰፈር ለሚመጡት ለባጃጅ። ከሠርግ የሚገኝ ገንዘብ ሳጥን ይገባል እንጂ አይከፈልም። አንድ ጊዜ ተከፍሎ ነበር። ስለሱ ባላወራ ይሻለኛል።

ሰው ፊት መውጣት

ሦስት ዘፈን፣ ከዚያ አይበልጥ። መጀመሪያ የሚቀለው፣ መሀል የሚከብደው፣ መጨረሻ ሕዝቡ አብሮ የሚቀበለው። ከተቻለ ያለ ሞንታርቦ። አንድ የምረቃ በዓል ላይ ባለሞንታርቦው ማይኩን ለአንዲት ሶፕራኖ በእጇ አስያዛት፤ ሃያ አምስታችን አፋችንን የምናንቀሳቅስ ሆንን፣ ልጅቷም ደንግጣ ሁለተኛውን ስንኝ ዘለለችው። አሁን አስቀድሜ ሄጄ እነግራለሁ፦ ሁለት ማይክ በቋሚ፣ ከፊታችን ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ከራስ ከፍ ብሎ። «አይሆንም» ካሉኝ ያለ ማይክ እንቆማለን፤ ሕዝቡ ዝም ካለ ይሰማል፣ ዝም ካላለ በሞንታርቦም አይሰማ።

ከተማው ኮሽ ያለ ሰሞን

ይህም ይመጣል። ደቻቱን ተሻግሮ መምጣት የሚያስፈራበት ሰሞን ነበር። ጥናት አልጠራሁም፤ ጠርታችሁ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢጎዳ ዕድሜ ልክ ይጸጽታችኋል። ይልቅ ማታ ማታ ስልክ ደወልኩ፣ ለሃያ ስድስቱም፣ ዘፈን ሳላነሳ፣ «ቤተሰብ ደህና ነው?» ብቻ። ስንመለስ አሥራ አንድ ነበርን። ስለሆነው ነገር አላወያየሁም፣ ንግግርም አላደረግሁም። አንድ ነገር ብቻ ጠበቅሁ፦ ሰው ሁሉ እንደወትሮው በድምፁ ቦታ ይቁም። ይህን ከማለቴ በፊት ግን ሰፈር ሰፈራቸውን ይዘው ሁለት ቦታ ቆመው ነበር። «አልቶ በዚህ፣ ባስ በዚያ» ስል ተቀላቀሉ። ባሶቹ «ኡ» ብለው ጀመሩ፤ የዚያን ቀን ሌላ ምንም አልዘፈንንም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ

ሃያ ሰው «እመጣለሁ» ይላችኋል፣ ሰባት ይመጣል። በሰባቱ ጀምሩ፣ የቀሩትን አትጠብቁ፣ በቀሩት ላይም አታጉረምርሙ፤ የመጡት ናቸው ወቀሳውን የሚሰሙት። ውኃ፣ የስልክ መቃኛ፣ አንድ ሁሉም የሚያውቃት ዘፈን ይበቃል። ወረቀት አታድሉ፣ ዓይናቸው እዚያ ይቀራል። በግማሽ ክብ አቁሟቸው፣ ባጃጁን አስነሱ፣ ጅቡን አስጩኹ፣ ዘፈኗን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ሲጨርሱ ሻይና ባጊያ ካለ ጥሩ ነው።

የግቢውን በር ክፍት ተዉት። የኛ ስምንተኛ ሰው ዳቦ የተላከ ልጅ ነው። ሁለት ዘፈን ሙሉ ፌስታሉን እንደያዘ በሩን ተደግፎ ቆመ፣ ዳቦውን ለእናቱ ሊያደርስ ሮጠ፣ ተመልሶ መጣ።